ሦስተኛው ዓምድ

ልጆቼ፣

ልጆቼ የምለው ይህን የምታነቡትን ወጣቶች ሁሉ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ሒሳብ ስመረምር ነው። ኦዲተር በሩን አንኳኩቶ ሲገባ ደስ የሚለው መሥሪያ ቤት የለም፤ ወንበር ይሰጡታል፣ ፊት ግን ይነሡታል። እኔም ለምጄው ነበር። ሙያው ጓደኛ ባያበዛልኝም አንድ ልማድ አትርፎልኛል፤ በቃል ብቻ የተነገረኝን አላምንም። «ዕቃው መጋዘን ገብቷል» ሲሉኝ የገባበትን ሰነድ እጠይቃለሁ፤ ሰነዱን ሲያሳዩኝ ደግሞ ተነሥቼ መጋዘኑን አያለሁ። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አልፏል። አርባ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረናል፤ አራት ልጆች ወልዳ ሰባት የልጅ ልጆች አይታለች። የምጽፍላችሁ ስለ እርሷ ነው። ምክር ብላችሁ ብትቀበሉት ደስ ይለኛል፤ ኑዛዜ ነው ብትሉም አልከራከርም።

በቀብሯ ዋዜማ የወለድኋቸው ልጆቼ «የሕይወት ታሪኳን አንተ ጻፈው፤ ከአንተ በላይ የሚያውቃት የለም» አሉኝ። ይህን ንግግር ያለ ማስረጃ ተቀበልሁት። ጽሑፉ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ርኅሩኅ እናት፣ ታማኝ ሚስት፣ ለልጅ ልጆቿ መከታ፣ ትሑት፣ ታጋሽ፣ ፈሪሀ እግዚአብሔር ያደረባት፣ ለተቸገረ ደራሽ። ብዕሬ አንድ ቦታ እንኳ አልተደናቀፈም፤ ቃላቱ እንደ ውኃ ወረዱ። በማግስቱ ሲነበብ ሰው አለቀሰ። ከቀብሩ በኋላም ብዙዎች እጄን ጨብጠው «እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው!» አሉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው የስምንት ዓመት የልጅ ልጄ እጅጌዬን ሳብ አድርጋ «አባባ፣ ያ የተነበበው ስለ ማን ነው?» አለችኝ።

«ስለ እማማ ነዋ።»

ትንሽ አሰበችና «እማማ ግን አልነበረችበትም» አለች።

እናቷ «ዝም በይ!» አለቻት። እኔ ግን ነገሩን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ለሥራ አስኪያጆች የተናገርሁት ነው። ቁጥሩ ሲደመር ልክ ይመጣል፣ ገጹ ንጹሕ ነው፣ ፊርማና ማኅተሙ አልጎደለም፤ ድርጅቱ ግን በሪፖርቱ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ሪፖርት ሲቀርብልኝ መልሼ እልከው ነበር። የራሴን ሪፖርት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ መለሰችብኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሐሳቤ ወደ ኢዮጴ ይመላለስ ጀመር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተጻፈውን ሰምታችሁታል። ጣቢታ፣ በሌላ ስሟ ዶርቃ የምትባል ደቀ መዝሙር ታማ ሞተች፤ አጥበው በሰገነት አኖሯት፤ ጴጥሮስንም አስጠሩት። ሉቃስ መልካም ሥራና ምጽዋት የሞላባት እንደ ነበረች በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ያልፋል። መበለቶቹ ግን ጴጥሮስ ሲደርስ በዙሪያው ቆመው እያለቀሱ፣ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች ያሳዩት ነበር።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ዓይኔ የሚሮጠው ወደ ተአምሩ፣ ወደ መነሣቷ ነበር። አሁን ቀሚሶቹን አልፌ መሄድ አቃተኝ። በእኛ ሙያ ማስረጃ ደረጃ አለው። ከተነገረ የተጻፈ ይበልጣል፤ ከቅጂ ዋናው ይበልጣል፤ ባለጉዳዩ ራሱ ካዘጋጀው ከውጭ ሰው እጅ የመጣ ይበልጣል። ለመበለቶቹ ይህን ያስተማራቸው የለም፤ ይዘው የመጡት ግን ዋናውን ነው። ምናልባትም ለብሰውት ነው የመጡት። የእጅጌው ስፌት የማን እጅ እንደ ሆነ፣ የትኛው ቀሚስ ለየትኛዋ ሴት በየትኛው ብርድ እንደ ተሰፋ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ርኅሩኅ ነበረች» ብለው እንደ ሆነ ሉቃስ አልጻፈውም። የጻፈው ያሳዩትን ነው።

እስቲ ይህን ሞክሩ። ስለ እናታችሁ ወይም ስለ አያታችሁ የጻፋችሁትን ወረቀት አንሡና ስሟን አውጥታችሁ የጎረቤታችሁን እናት ስም አግቡበት። ወረቀቱ ካልተቃወመ ስለ ማንም አልተጻፈም። የእኔ ወረቀት አልተቃወመም። የአንዲት ከእኔ ጋር የማትስማማ ዘመዴን ስም እንኳ አግብቼ ሳነበው ልክክ አለላት፤ እርሷ ደግሞ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለች።

«ልባም ሴትን ማን ሊያገኛት ይችላል?» የሚለውም እንዲሁ ሲነበብ የምናደምጠው እንደ ቅጽል ክምር ነው። ቃሉን ግን እዩት። ከምሳሌ 31፥10 እስከ 31 ድረስ 22 ቁጥሮች ናቸው፤ በዕብራይስጥ እያንዳንዱ ቁጥር በፊደላቸው ቅደም ተከተል ይጀምራል። እዚያ ውስጥ የበግ ጠጉር አለ፣ የተልባ እግር አለ፣ የገዛችው እርሻ አለ፣ በሌሊት የማይጠፋ መብራት አለ፣ ለነጋዴ የሸጠችው ድግ አለ። ስለ መልኳ የሚናገር ቢኖር ውበት ሐሰት መሆኑን ለመንገር ብቻ ነው። ይህ ንብረትና ሥራ የተዘረዘረበት መዝገብ ነው ብል የሙያ በሽታ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ይሁን። ሌላም የምንዘነጋው ነገር አለ። ይህን እኛ ባሎች ለሚስቶቻችን የጻፍነው እያስመሰልን እናነበዋለን፤ ምዕራፉ ገና ሲጀምር ግን ለንጉሥ ልሙኤል ቃሉን ያስተማረችው እናቱ እንደ ሆነች ይናገራል።

አያትማ በአዲስ ኪዳን ስሟ የተጠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መግቢያ ላይ፣ ግብዝነት የሌለበት እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል። የጢሞቴዎስ አባት የግሪክ ሰው ነበር። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቅዱሳን መጻሕፍትን ማወቁም ተጽፏል። ከዚያ በተረፈ ስለ ሎይድ ምንም የለንም። ድምጿ ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ታስተምረው ወይም ሥራ እየሠራች ታስጠናው እንደ ነበር የሚናገር መስመር የለም። ጳውሎስ ያወቀው ምናልባት ጢሞቴዎስ የነገረውን ያህል ነው። የሚያውቀው የልጅ ልጇ ነበር።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ።

ከቀብሩ ሁለት ወር በኋላ ልብሶቿን ስንለይ ከአልጋው ራስጌ ካለው መሳቢያ ዐሥራ አንድ ደብተር አገኘን። ልጆቹ ተማሪ ሳሉ ጀምረው ያልጨረሷቸው ናቸው። ሽፋናቸው ላይ በልጅ እጅ «ሒሳብ»፣ «ሳይንስ» የሚል ጽሑፍና የክፍል ቁጥር አለ። የተጻፈበትን ገጽ በምላጭ አስተካክላ ቆርጣ አውጥታለች፤ ጥርሱ እንኳ አልቀረም። ከባዶው ጀምሮ ያለው የእርሷ ነው።

እያንዳንዱን ገጽ በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍላዋለች። በስተግራ ቀን፣ መካከል ላይ ስምና ጉዳይ፣ በስተቀኝ አንድ ጠባብ ዓምድ። በገጹ ራስጌ ላይ በእርሳስ የተሠራች ትንሽ መስቀል አለች። መጀመሪያ የቤት ወጪ መዝገብ መስሎኝ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ሳነበው የጸሎት መዝገብ ሆኖ አገኘሁት።

«የታችኛው ቤት ልጅ፣ ፈተና» ይላል፤ ሦስተኛው ዓምድ ላይ «አለፈ»። «የታላቋ ሳል» ይላል፤ «ተሻላት»። «እኅቴ ከባሏ ጋር እንድትታረቅ» ይላል፤ «ገና»፣ ከዓመት በኋላ በሚቀጥለው ደብተር እንደገና «ገና»፣ በሦስተኛው «ተመስገን»። የማላውቃቸው ሰዎች ስም ሞልቶበታል። አንዳንዱም ስም የለውም፤ «በሐኪም ቤቱ ወረፋ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት» የሚል አለ። እናቷ የታመመችበት ገጽ ላይ «እናቴ እንድትድን» ብላ ጽፋለች። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «አይሆንም። ተመስገን።» ይላል። የሰነድ ቀለም ማየት ሥራዬ ስለ ነበር ወዲያው ለየሁት። «አይሆንም» የሚለው በሰማያዊ፣ «ተመስገን» የሚለው በጥቁር ነው። ሁለተኛውን ቃል የጻፈችው በሌላ ቀን ነው። በሁለቱ ቀለሞች መካከል ስንት ሳምንት ወይም ስንት ዓመት እንዳለፈ ማረጋገጥ አልቻልሁም።

እያንዳንዱ ሒሳብ በሁለት በኩል የሚጻፍበትን የሁለትዮሽ የሒሳብ አመዘጋገብ በ1494 (እ.ኤ.አ.) ቬኒስ ላይ በታተመ መጽሐፉ ያስተዋወቀው ሉካ ፓቾሊ የፍራንሲስካን መነኩሴ ነበር። ነጋዴዎች መዝገባቸውን በእግዚአብሔር ስም እንዲጀምሩ፣ የመጀመሪያዎቹንም መዝገቦች በመስቀል ምልክት እንዲለዩ ይመክራል። ይህን ተማሪ ሳለሁ ለፈተና አጥንቼው ረስቼው ነበር። እርሷ የመነኩሴውን ስም ሰምታ አታውቅም። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ስታንሾካሹክ ለአርባ ስድስት ዓመት ሰምቻታለሁ። የቤቱ ድምፅ መስሎኝ ነበር፤ እንደ ሰዓት፣ እንደ ጣሪያ።

አንድ ገጽ ላይ እኔም አለሁበት። «የልጆቼ አባት፣ እንቅልፍ አጥቷል። ምን እንደ ሆነ አልነገረኝም።» ቀኑን ሳይ ሳምንቱ ትዝ አለኝ። አንድ አለቃዬ የገንዘብ ጉድለት የተሸፈነበትን ሪፖርት እንድፈርም ያስጨንቀኝ ነበር። ፈርሜ ልጆቼን ላሳድግ ወይስ ሳልፈርም ልውጣ እያልሁ ሌሊቱን ጣሪያ ሳይ አድር ነበር። ለእርሷ አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። አንድ ምሽት የሸሚዜን ቁልፍ እየተከለች፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ «ደመወዝህ ቢቀር እንኳ ሰባት ወር መቆየት እንችላለን፤ ደምሬዋለሁ» አለችኝ። «ማን ምን ነገረሽ?» ብዬ ጮኽሁባት። «ማንም» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። በማግስቱ ጉድለቱን እንዳለ ጽፌ አስገባሁ። ከሥራ አላባረሩኝም፤ ሥራ የሌለው ጠረጴዛ ሰጥተው ሁለት ዓመት አስቀመጡኝ።

ጡረታ ስወጣ በተደረገልኝ ግብዣ ላይ ይህን ታሪክ ተናግሬዋለሁ፤ ሰው አጨብጭቧል። ስለ ራሴ ሐቀኝነት ነበር የተናገርሁት። ቁልፉንና መርፌውን አላነሣሁም። በደብተሯ ላይ በዚያ መስመር ትይዩ፣ ሦስተኛው ዓምድ ውስጥ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ተኛ»።

ይህንስ ችዬ አነበብሁት። ያልቻልሁት ሌላውን ነው።

ባለቤቴ ስንጋባ መምህርት ነበረች። ሦስተኛው ልጃችን ሲወለድ ሥራዋን ተወች፤ «ለጊዜው» ያልናት እኛ ነን፣ ማለትም እኔ። ከአራተኛው ደብተር ጀምሮ፣ በየአዲሱ ዓመት መግቢያ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ወደ ማስተማር እንድመለስ» የሚል አለ። ስድስት ዓመት ተከታትሎ ተጽፏል። ሦስተኛው ዓምድ በስድስቱም ባዶ ነው። በሰባተኛው ዓመት ጽፋው በማስመሪያ ቀጥ አድርጋ ሰርዛዋለች። ከዚያ በኋላ የለም።

«አይሆንም» ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በእግዚአብሔር ላይ አላክኬ እፎይ ባልሁ ነበር። የእናቷን ሞት «አይሆንም» ብላ ለመጻፍ ድፍረት የነበራት ሴት እዚህ ላይ ባዶውን ተወችው። መልሱ ከማን ይጠበቅ እንደ ነበር ታውቃለች፤ አጠገቧ ተኝቶ የሚያንኮራፋው ሰው ነው። ሁለት ጊዜ እንደ ጠየቀችኝ አስታውሳለሁ። አንድ ጊዜ «ትንሿ ትምህርት ቤት ትግባና» አልኋት። ሌላ ጊዜ ጋዜጣ እያነበብሁ ስለ ነበር «እስቲ እናያለን» አልሁ። ስንት መሥሪያ ቤት በእንጥልጥል የቀረ ሒሳብ አገኘሁ ብዬ ሰው አስጨንቄያለሁ! የራሴ ቤት እንጥልጥል ስድስት ዓመት ሙሉ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ተመዝግቦ ራስጌዬ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የሠራችው ሥራ በምንም መዝገብ አልገባም። ይህ የእኔ ቤት ጉድ ብቻ አይደለም። አገሮች ዓመታዊ ምርታቸውን ሲያሰሉ በቤት ውስጥ ያለ ክፍያ ለቤተሰብ የሚሠራውን ማጠብ፣ ማብሰል፣ ሕፃን ማሳደግና በሽተኛ ማስታመም አይደምሩትም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት በ64 አገሮች መረጃ ላይ ተመሥርቶ ይህ ሥራ በቀን 16.4 ቢሊዮን ሰዓት እንደሚወስድ አስልቷል፤ 2 ቢሊዮን ሰው በየቀኑ 8 ሰዓት ያለ ደመወዝ ሲሠራ ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ 76.2 በመቶው የሴቶች ሰዓት ነው። ቁጥሩን በሥራ ላይ ሳለሁ አንብቤው «ትልቅ ነው» ብዬ ገጹን ገልጬ አልፌአለሁ። ያልከፈልነው ሰው ስም ሲኖረው ግን ገጹ አይገለጥም።

ልጆቿን መውለዷን ወይም እኛን ማገልገሏን ተጸጽታበታለች እያልሁ አይደለም። ከማንም በላይ ደስ ብሏት የኖረች ሴት ናት። ሳቋ ከጓሮ እስከ በር ይሰማ ነበር። ቤቱን መውደዷና ማስተማር መፈለጓ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር። እኔ አንዱን ብቻ አይቼ ስለ ሌላው ሳልጠይቅ ኖርሁ።

ስለ እናት ከተጻፈው ሁሉ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ ስለ እናቱ ስለ ሞኒካ የጻፈውን አብልጬ አምነዋለሁ። የማምነውም ጉድፏን ስላልደበቀ ነው። ልጅ ሳለች ወላጆቿ ከጋን ወይን እንድትቀዳ ሲልኳት ከንፈሯን እያስነካች መጠጣት ለምዳ እንደ ነበር፣ አንዲት አገልጋይ በጠብ መካከል ሰካራም ብላ ስትሰድባት አፍራ እንደ ተወችው ይጽፋል። የራሱንም አይደብቅም። በ383 (እ.ኤ.አ.) ከሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ ወደ ሮም ሊሻገር ሲነሣ፣ ወዳጄን ልሸኝ ነው ብሎ ዋሽቷት፣ እርሷ በቅዱስ ቆጵርያኖስ መታሰቢያ ስታለቅስና ስትጸልይ ባደረችበት ሌሊት መርከብ ተሳፍሮ ጥሏት ሄደ። ተከትላው ባሕር ተሻገረች። በ387 ወደ አፍሪካ ሊመለሱ ኦስትያ ወደብ ላይ መርከብ ሲጠብቁ ታመመች፤ በዘጠነኛው ቀን፣ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። ሥጋዬን የትም ቅበሩት፤ ብቻ በጌታ መሠዊያ አስቡኝ አለቻቸው። (መቃብሯ ላይ የነበረውን ጽሑፍ የያዘ የእብነ በረድ ስባሪ በ1945 (እ.ኤ.አ.) የተገኘው ኦስትያ ውስጥ ልጆች ምሰሶ ለመትከል ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው። የቱንም ያህል ብታስቡ ይህን አትፈጥሩትም።)

በዚያ ታሪክ ውስጥ የማልረሳው ግን ሌላ ሰው ነው። ሞኒካ ትንፋሿ ሲወጣ የልጅ ልጇ አዴዎዳቱስ ጮኾ አለቀሰ፤ ትልልቆቹ ዝም አሰኙት። አባቱ አውግስጢኖስ እንባውን በግድ ገትቶ ወደ መታጠቢያ ሄደ፤ ኀዘኑ ግን በውኃ አልወጣለትም። ተኝቶ ከተነሣ በኋላ ነው ያለቀሰላት። በመኪናችን ውስጥ «ዝም በይ» የተባለችውን ልጅ ሳስብ ያ ልጅ ይታየኛል።

የሞኒካ ባል ፓትሪክዮስ ቁጡና ለትዳሩ ያልታመነ ሰው ነበር፤ ታገሠችው፣ እርሱም በዕድሜው ማብቂያ ተጠመቀ። ይህን ለወጣት ሚስቶች እንደ ትእዛዝ የሚያነቡ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ትዕግሥቷ የእርሷ ነው፤ የእርሱን ጥፋት ቅንጣት አያሳንሰውም። በሁለትዮሽ አመዘጋገብ በአንድ በኩል የገባ ቁጥር በሌላው በኩል ካልገባ መዝገቡ አይዘጋም። እኔ «ታጋሽ» ብዬ ጽፌ ማንን ታግሣ እንደ ኖረች ሳልጽፍ ፈረምሁ። ወንዶች ልጆች፣ ሚስታችሁን በትዕግሥቷ ከማመስገናችሁ በፊት ትይዩውን ሙሉት። ሴቶች ልጆች፣ እናቴ ችላ ኖራለች እያላችሁ የእርሷን መቻል በራሳችሁ ላይ ዕዳ አታድርጉት።

እናታችሁ ወይም አያታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬ ምን ታደርጋላችሁ? መቅጃ ደቅናችሁ «የሕይወት ታሪክሽን ንገሪኝ» አትበሏት፤ ኦዲተር መጣ ብላ ትደነግጣለች። አጠገቧ ሆናችሁ የያዘችውን ሥራ ያዙላት። ከእጇ ላይ ስላለው ጠባሳ ጠይቋት። ከመጽሐፍ ቅዱሷ ጠርዝ ላይ ከተጻፈ ቀን አንዱን አሳይታችሁ «ያን ቀን ምን ሆነ?» በሏት። እና አንድ ቀን፣ ብቻዋን ስትሆን፣ ምን መሥራት ፈልጋ እንደ ተወችው ጠይቋት። «ምንም» ትላችኋለች። የእኔም «ምንም» ትል ነበር። እዚያ ላይ አትነሡ፤ ተቀመጡ። የነገረቻችሁን በዚያው ሌሊት ከነቀኑ ጻፉት፤ አስታውሰዋለሁ የሚል ሰው ሁሉ ቀኑን ይረሳል፣ እኔ የተጋባንበትን እንኳ ሁለት ጊዜ ረስቻለሁ። ምናልባት የፈለገችው ነገር አሁንም ሊሆን የሚችል ይሆናል። ስለምትጸልይበት ነገር ብትነግራችሁ ደግሞ «አሜን» ከማለታችሁ በፊት መልሱ በእናንተ እጅ እንዳልሆነ እርግጠኛ ሁኑ።

ልጅ የሚናገረውንም አድምጡ። የልጅ ልጄን በኋላ ጠርቼ «እማማን እንዴት ልጻፋት?» አልኋት። ሳታመነታ «ስትዘምር ሁለተኛውን ስንኝ ሁልጊዜ ትሳሳተዋለች። እኛ ስንስቅ እርሷም ትስቃለች፤ ከዚያ እንደገና ትሳሳተዋለች» አለችኝ። አርባ ስድስት ዓመት ያን መዝሙር ሰምቻለሁ። መሳሳቷን አላውቅም ነበር። ስሕተቱ ለእኔ ትክክለኛው ግጥም ሆኖ ኖሯል።

በዓመቱ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሁለተኛውን ጽሑፍ አነበብሁላቸው። ከፊተኛው በሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ አንድ ወር ፈጅቶብኛል። በምላጭ የተቆረጡት ገጾች አሉበት፣ ሁለቱ ቀለሞች አሉበት፣ ቁልፉና መርፌው አሉበት። «ወደ ማስተማር እንድመለስ» የሚለው ጋ ስደርስ ልዘለው አሰብሁ። ታናሽ ልጄን አየኋት፤ የስድስት ወር ሕፃን ታቅፋለች፣ ከሥራዋ ወጥታ ቤት ከዋለች ጥቂት ወራት ሆኗታል። «ለጊዜው» ነው ያሉት እነርሱም።

አነበብሁት። ስድስቱን ባዶ ቦታዎች ዓመታቸውን እየጠራሁ፣ ጋዜጣውንም ሳልደብቅ አነበብሁት። ማንም አልተነፈሰም። ልጄ ቀና ብላ አላየችኝም። ባሏ ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰደና ትከሻው ላይ አድርጎ መስኮቱ አጠገብ ቆመ።

ወረቀቱ በእጄ ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር አጥፌ ላስቀምጠው ስል የልጅ ልጄ እጅጌዬን ሳብ አደረገችኝ።

«ቀጥል እንጂ አባባ፤ መዝሙሩ ጋ ገና አልደረስህም።»